በከሰሉ ኩርባ ማን ማንን ገጨ

መጀመሪያ ሥራ የገባሁት ዳንግላ ነው፤ በጋሪ ተራ። የተሰጠኝ መሣሪያ አንድ ፊሽካና አንድ የወይራ ዱላ ነበር። የቀጠሩኝ ጋሽ አምሳሉ የሚባሉ የባለጋሪዎቹ አለቃ ናቸው። «ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል» አሉኝ። «በቃ?» አልኩ። «በቃ» ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። ተራ ማስከበር ማለት ይቺው ናት። ዕድሜ ልኬን ይቺን ለሰው ሳስረዳ ኖርኩ። የገባችው ሰው ካለ ይምጣና ፊሽካዬን ይውሰድ።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ሁለት ባለጋሪዎች በአንዲት ገበያተኛ ተጣሉ። አንዱ ዘንቢሏን ያዘ፤ ሌላው ዶሮዎቿን ነጥቆ ጋሪው ላይ ጫነ። «እናቴ፣ በእኔ ይሂዱ!» «ኧረ እናቴ፣ የሱ ጎማ የተጣፈ ነው!» ይላሉ። ፊሽካዬን ነፋሁ። ከሰው የሰማኝ የለም። የሰማኝ ፈረሱ ነው፤ ደንብሮ ጋሪውንና ዶሮዎቹን ይዞ ወደ ገበያው ገሠገሠ። ሴትዮዋ ከኋላ በእግሯ ተከተለችው። ማታ ጋሽ አምሳሉ «እንዴት ዋልክ?» ቢሉኝ «ፈረሶቹ ጎበዞች ናቸው» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። የጋሪ ፈረስ ተራውን ያውቃል። የፊተኛው ጭኖ ሲወጣ፣ ከኋላ ያለው ማንም ሳይነካው ወደፊት ጠጋ ይላል። ከጎን ገብቶ የሚሻማ ፈረስ አላየሁም። የሚሻማው ልጓሙን የያዘው ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሬ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ሥራዬ ያው ነበር፤ በፈረሱ ፋንታ ሚኒባስ መጣ እንጂ። ኋላ ደግሞ ባጃጅ የሚሉት መጣ። መጀመሪያ ሳየው ሸራ የለበሰ በርጩማ መሰለኝ፤ ሦስት እግር ነዋ። «ይኼ ሰው ይጭናል?» ብዬ ሳቅሁ። ዓመት ሳይሞላ ከተማውን ሞላው፤ እኔም የበርጩማ አለቃ ሆንኩ።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። ባጃጆች ከአጥሩ ሥር በሰልፍ ይቆማሉ። የፊተኛው ሞልቶ ሲወጣ ሁለተኛው ይጠጋል፤ አድርሶ የተመለሰ ከጭራ ይሰለፋል። ቀን ቀን ማንም ፊት ቢቆም ለውጥ የለውም። ጠዋት ግን ሌላ ነው። የቢሮው ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲው ሰው ባንድ ጊዜ ይጎርፋል። ጠዋት ፊት የቆመ አንዱን አድርሶ ሲመለስ ሰዉ ገና አላለቀም፤ ደግሞ ይጭናል። ጭራ የቆመ ግን አንዴ ከጫነ በኋላ የሚደርሰው ብርዱ ነው። እንግዲህ ጠቡ ሁሉ ለዚች ለፊተኛዋ የጠዋት ተራ ነበር።

በደንቡ ማልዶ የመጣ ፊት ይቆማል። ደንቡ ደግ ነው፤ ሰዉ ግን ማለዳውን ወደኋላ እየጎተተ ከዶሮ ጩኸት አስቀደመው። በዚህ ደንብ መቼም ፊት የማትቆም አንዲት ነጂ ነበረች፤ ይታይሽ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል። የወንድሟን አሮጌ ባጃጅ ትነዳለች። ልጆቿን አብልታ ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመጣ ሰልፉ አጥሩን ጨርሶ ይቆያታል። «አያ ፈንታ፣ ዛሬስ ስንተኛ ነኝ?» ትለኛለች። «ከኋላ አንደኛ» እላታለሁ። ትስቃለች። የሚያስቅ አልነበረም።

የባጃጅ ማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ደረጀ ነው። መልካም ሰው ነው፤ ስብሰባ ይወዳል። አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ የውጭ አገር የመኪና እሽቅድምድም አሳየኝ። ሁለት መኪኖች ኩርባ ላይ ተጋጩ። አንደኛው ነጂ ወርዶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«የዋንጫ ተፎካካሪዎች ናቸው፣ አያ። አንዱ ሌላውን ገጨው።»

«ከዚያስ?»

«ዳኞች አይተው ያጠፋውን ይቀጣሉ።»

«ሽማግሌ አይገባም?»

«ኧረ አይገባም!»

«ጥሩ አገር ነው» አልኩት።

ይኼን አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ባጃጆች ከከተማው ጫፍ ተነሥተው ወደ ሐይቁ መገንጠያ ይሽቀዳደማሉ። መገንጠያው ላይ የተወጠረውን ገመድ የበጠሰ ዓመቱን ሙሉ የጠዋቷን ፊተኛ ተራ ይይዛል፤ አርፍዶ ቢመጣም ቦታው ይጠብቀዋል። መንገዱንም አስፈቅዶ አዘጋ። ዳኛው እኔ ሆንኩ። ጉባኤው ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የአያ ፈንታ ቃል የመጨረሻ ነው» አለ።

«የመጨረሻ ማለት?» አልኩ።

«ከእርስዎ በኋላ የሚናገር የለም ማለት ነው።»

ያን ጊዜ አምኜዋለሁ። ዕድሜ አያስተምርም።

በመጀመሪያው ዓመት ይበልጣል የሚባለው አሸነፈ። አንሙት የሚባለው በጎማ ልክ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ይታይሽ ሦስተኛ ሆነች፤ እሷን ግን ልብ ያላት የለም፤ ሰዉ ሁለቱን ከቦ ነበር። ይበልጣል አፉ እንደ ክላክሱ ነው፤ መንገደኛ ባይኖርም ይጮኻል። አንሙት ጎማውን ሳያጥብ የማይቀመጥ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ይበልጣል ዓመቱን ሙሉ ፊት ሊቆም ሲያልፍ አንሙትን «ደህና አደርክ፣ ሁለተኛ?» ይለዋል። አንሙት አይመልስም። ጎማውን ያጥባል። ከጯሂ ይልቅ ጎማ የሚያጥብ ያስፈራኛል።

በሁለተኛው ዓመት እኔ የቆምኩት ወደ መገንጠያው በሚወስደው መንገድ ኩርባ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ገመዱ ጋ ሄዶ ነበር፤ እኔ ግን የሰው ጠባይ የሚታየው ኩርባ ላይ እንደሆነ ከጋሪ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚያ ሰፈር ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እየተከሉ ከሰል ያከስላሉ። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ ከመንገዱ ዳር ተከምሯል። ባለከሰሏም እላዩ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

መጡ። ይበልጣል ቀድሟል። አንሙት በውስጠኛው በኩል ገባበት። ይበልጣል ስፖኪዮውን አየ። አንሙትን አየ። ከዚያ መሪውን ወደ አንሙት አዞረ። እኔ ያየሁት ይኼን ነው፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ይኼንኑ ነው። ሁለቱም ባጃጆች ተያይዘው ከሰሉ ውስጥ ገቡ። ሴትዮዋ ዘልላ አመለጠች፤ ማምለጧን ስታረጋግጥ መራገም ጀመረች።

ከኋላ የመጡት ሁሉ ፍሬናቸውን ይዘው ሊያነሱ ወረዱ። ይታይሽም ወረደች። አንድም ሰው «ልለፍና ልብለጥ» አላለም። ደግ ሕዝብ ነን። ውድድሩን ግን የጨረሰ የለም። ገመዱን የያዙት ሁለት ሰዎች ነገሩን የነገራቸው ስላልነበረ እስኪመሽ ወጥረውት ቆመው ነበር አሉ።

ሁለቱ ከከሰሉ ሲወጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። የተናገረው ይበልጣል መሆን አለበት ብለን ለየነው።

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ!» ይላል። «መንገዱም ዘሟል! ከሰል መንገድ ላይ ይከመራል?»

«ምኑ ነው መንገድ ላይ?» አለች ባለከሰሏ። «ከቤቴ ደጅ ድረስ መጥተህ ገጭተኸኝ!»

አንሙት አንድ እጁን በሌላው ይዟል። አንጓው ተሰብሯል። ወጌሻ ጠርተን አሰርንለት።

ፊሽካዬን ነፋሁ። «ይበልጣል አይቶ ገጭቷል» አልኩ። «ዓመቱን ጭራ ይቆማል። ፊተኛዋ ተራ የተገፋው የአንሙት ናት። ጨርሻለሁ።»

አቶ ደረጀ ክንዴን ይዞ ፈንጠር አደረገኝ። «አያ ፈንታ፣ ቃልዎ የመጨረሻ ነው፤ ግን…»

«ግን ካለው የመጨረሻ አይደለም።»

«ሁለቱም ወገን አላቸው። ቂም ይያያዛሉ። ሽማግሌ ይየው።»

«ያ በስልክህ ያሳየኸኝ አገር ሽማግሌ አይገባም አላልክም?»

«እነሱማ ነገ አብረው ለቅሶ አይደርሱም፣ አያ!» አለኝ። በአዊኛ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም።

ሽማግሌዎቹ ማኅበሩ አዳራሽ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ በድንበርና በከብት ጠብ ስማቸው የተጠራ። ባጃጅ የገቡበት ለቀብር ሲሄዱ ብቻ ነው። ማን ገጨ ብለው አልጠየቁም። ትልቁ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ የገጨውን መፈለግ ቁስል መነካካት ነው። ሁለታችሁም ወድቃችኋል፤ ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ» አሉ። ሁለቱም አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ተጠያየቁ። የተሰበረው ራሱ ስለተሰበረ ይቅርታ ጠየቀ። እጁ ታስሮ ስለነበረ ድንጋዩን ይበልጣል ደግፎ አሸከመው፤ ሰዉ «አቤት ፍቅር!» አለ። ከዚያ ሁለተኛ አንዱ በአንዱ ፊት ቆርጦ ላያልፍ ማሉ። ፊተኛዋን ተራ ቀን በቀን እንዲፈራረቁባት ተወሰነ። በግ ታረደ።

ነገሩ ሲያልቅ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አያ ፈንታ፣ አንተም ይቅርታ ብትል ምን ይመስልሃል?»

«እኔ ከማን ተጣላሁ?»

«አየሁ ብለህ ልጁን አስቀይመሃል።»

«አላየሁም ልበል?»

«አላየህም በል አላልንህም። ማየትህን ተወው ነው።»

«ዓይኔንስ የት ላስቀምጠው?» አልኩና ወጣሁ። ከበጉ አልቀመስኩም። ሥጋው ጥሩ ነበር አሉ።

ያን ዓመት ስንት ነገር አየሁ! በዓል በመጣ ቁጥር ቀኑ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ያስታረቁት ሽማግሌዎች ቀን አይቆጥሩልን። ሁለቱ አይጣሉም፤ ታርቀዋላ። አንዱ አጥሩን ያያል፣ ሌላው ሰማዩን ያያል፣ ሠራተኛው ደግሞ ሰዓቱን ያያል። እኔ በፊሽካ አንዱን አስወጣለሁ። ይታይሽ ከኋላ አንደኛ እንደሆነች ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል «አያ፣ ዘንድሮ ባሸንፍ ይሰጡኛል?» አለችኝ።

«ገመዱን በጥሰሽ ማን ይከለክልሻል?»

«ፊት ብቆም ልጆቼን ሳላጣድፍ አደርሳለሁ። ሌላ አልፈልግም።»

«ብጠሺ» አልኳት።

ሦስተኛው ዓመት መጣ፤ እኔም ኩርባዬ ላይ ቆምኩ። ባለከሰሏ ዘንድሮ ከሰሏን አርቃ ከምራለች፤ ከሁላችን የተማረች እሷ ብቻ ናት። ሁለቱ እንደ አምናው ከሁሉ ቀድመው፣ ጎን ለጎን መጡ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ቀነሰ፣ ቀነሰና ቆሙ። እኔ ነዳጅ ያለቀባቸው መሰለኝ።

«እለፍ» አለ ይበልጣል።

«አንተ እለፍ» አለ አንሙት።

«ኧረ እለፍ፣ በሞቴ!»

«አይሆንም፣ በማርያም! አንተ ቅደም።»

«አንተን ትቼማ አላልፍም።»

የሠርግ ቤት በር መሰላቸው። እኔ ዱላዬን ተደግፌ አያለሁ። ከኋላ የመጡት ተደረደሩ። ክላክስ ይጮኻል። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እዚያው ተሳሳሙና ጨርሱ!» ይላል አንዱ። ይታይሽ አንገቷን አውጥታ አየች። መንገዱን ዘግተውታል። መሪዋን ወደ ሣሩ አዙራ፣ እየተንገጫገጨች፣ ማንንም ሳትነካ በዳር አለፈች። ሁለቱ ገና «በሞቴ» ላይ ነበሩ። ሄዳ ገመዱን በጠሰችው።

ፊሽካዬን ነፍቼ «ይታይሽ» አልኩ። የዚያን ቀን ፍርዴ ይኼው ነው፤ አንድ ስም።

ወዲያው አቤቱታ ተነሣ። የተቀደሙት ሁሉ አዋቂ ሆኑ። ከመንገድ ወጥታለች አሉ። የታረቁ ሰዎች መሐላቸውን ሲጠብቁ አጋጣሚውን ተጠቅማለች አሉ። ስፖርታዊ ጨዋነት ይጎድላታል ያለም ነበረ። ጨዋነት ማለት መንገድ መሐል ቆሞ መሳሳም እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ።

አቶ ደረጀ መጣ። «አያ ፈንታ፣ ቃልዎ የመጨረሻ ነው…»

«ግን?»

«ለሰላም ሲባል ተራዋን ለሦስት ይካፈሉ። ሽማግሌዎቹን ለነገ ጠርቻቸዋለሁ።»

ይታይሽ ባጃጇ ውስጥ እንደተቀመጠች ነው። «ለሦስት?» አለች። «በሦስት ቀን አንዴ ነው ልጆቼን ሳላጣድፍ የማደርሳቸው?» ማንንም አልተቆጣችም። ቁልፏን አዞረችና ሄደች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ያው አዳራሽ፣ ያው ሽማግሌዎች። በግ ሳይቀር ደጅ ታስሯል። ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሦስታችሁም…» ብለው ሲጀምሩ እኔ ተነሣሁ። «ይቅርታ አባቴ፤ አምና ያልተጠየቀ ጥያቄ አለኝ። አንዷን ጠይቄ እቀመጣለሁ።» ወደ አንሙት ዞርኩ።

«አንሙት፣ ትናንት ለምን አላለፍክም?»

«አክብሬው ነው» አለ።

«የማርያምን ስም ጠርተሃል። እስቲ ደግመህ ንገረኝ።»

ያቺን አምና የተሰበረች እጁን እያሻሸ «ከኋላዬ እንዲሆን አልፈለግሁም» አለ።

«ታርቀህ የለም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ታርቄያለሁ፣ አባቴ። ቂም የለኝም። ግን ስፖኪዮ ውስጥ ሳየው እጄን ያመኛል። የገጨኝ አይቶ ይሁን ሳያይ እስካሁን የነገረኝ የለም። የማላውቀውን ሰው እንዴት ጀርባዬን ልስጠው?»

እኔ ልቀመጥ ብዬ ነበር፤ ይበልጣል ሳይጠሩት ተነሣ። ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደሄደ እንጃ፣ ለመስማት ጠጋ አልን።

«ትናንት ብቀድመው ደግሞ ኩርባው ላይ የምሆነውን አላውቅም ነበር» አለ። «ፍሬኑ ደህና ነበር፣ አንሙት። አይቼህ ነው የገጨሁህ። ዓመቱን ሙሉ ሁለተኛ ስልህ ከርሜ፣ ልትቀድመኝ ስትል አልቻልኩም።»

አንሙት ቀና ብሎ አየው። «ይኼን ለማለት ዓመት ይፈጃል?» አለው።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ይበልጣል።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ድንጋይ በመሸከም አያልቅም። ይበልጣል መልሳቸውን አልጠበቀም። «አያ ፈንታ የፈረዱት ጭራ ዘንድሮ ይሁንብኝ። የይታይሽ ተራ የይታይሽ ናት» አለ። አንሙትም «የሷ ናት» አለ። አቶ ደረጀ ቃለ ጉባኤው ላይ «የአምናው እርቅ ፍሬ አፈራ» ብሎ አስጻፈ። መቼም በግ ታስሮ አይፈታም፤ ታረደ። ዘንድሮ እኔም በላሁ። አምና ሥጋው ጥሩ ነበር ያሉኝ አልዋሹም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰልፉ ተደረደረ። ይበልጣል ከጭራ ቆሟል፤ ክላክሱን አልነካም። አንሙት ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ማንም ግን «ሁለተኛ» አላለውም። ከፊቱ አንድ የባጃጅ ቦታ ባዶ ነው። ሠራተኛው መጉረፍ ጀመረ፤ ማንም አልተጠጋባትም። ጥቂት ቆይቶ ይታይሽ መጣች። ደብተር ቦርሳውን ቤት ረስቶ ሊያመጣ የተመለሰ ልጇ ከኋላ ተቀምጧል፤ ቦታዋ ስለሚጠብቃት መልሳ ልታደርሰው ነው። «አያ፣ ስንተኛ ነኝ?» አለችኝ። በዱላዬ ባዶውን ቦታ አሳየኋት። ፊሽካ አላስፈለገኝም።

ለእናንተ አሁን ተራ ለምታስከብሩት የምለው ይኼን ብቻ ነው። የተጋጨ ሰው ይታረቅ፤ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን የገጨው ማን እንደሆነ ይነገር።